በየካቲት የደረሰ የሰኔ ሰላምታ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስትናገር “ማሽን ትቀሰቅሳለች” ትላለች። አስረድቻት አስረድቻት የያዘችው ይህንን ነው። ብዙም አልተሳሳተች።

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ክፍል፣ ለጣና ጀልባ ነጂዎች የስልክ ካርታ እንሠራለን። ውኃው የት እንደጎደለ፣ እምቦጭ የሚሉት አረም የትኛውን መግቢያ እንደዘጋ፣ በየት በኩል ማለፍ እንደሚሻል ያሳያል። የካርታው ኮድና የየወደቡ መረጃ በአንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። በየወደቡ ላፕቶፕ የሰጠነው አንድ ታዛቢ አለን። ታዛቢው ያየውን ለውጥ ሠንጠረዥ ላይ ይሞላል፣ ከሥር ባለችው ሳጥን ምን እንደለወጠ በአጭሩ ይጽፋል፣ “ላክ” የሚለውን ይጫናል። የላከው ማከማቻው ደጅ ሲደርስ ሰርቨሩ ይነሣል፤ አዲሱን መረጃ ከአሮጌው ጋር ቀላቅሎ ካርታውን እንደገና ይገጣጥምና ለጀልባ ነጂዎቹ ስልክ ያደርሳል። ይህን መገጣጠም ቢልድ እንለዋለን። ሰርቨሩ በምን እንዲነሣ፣ በምን እንዳይነሣ የሚወስነውን ደንብ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ደንብ እኮራ ነበር። ሰው ሳይነካው የሚሠራ ነገር ደስ ይለኛል። ታዛቢዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እየረሱ ስላስመረሩኝ ደግሞ ለሁሉም አንድ የጋራ መለያ ከፈትሁላቸውና ስሙን “ወደብ” አልሁት። ማን እንደላከ አይታወቅም እንጂ ስልኬ አረፈ። ስንፍና ነበር። ያኔ ግን ብልሃት መስሎኝ ነበር።

የካቲት ገባ ብሎ አንድ ጠዋት ቢሮ ደርሼ መዝገቡን ከፈትሁ። መዝገቡ የገቡትን መልእክቶች በተርታ ያሳያል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የላኪውን መለያና የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ብቻ። ከላይ የተቀመጠው የዚያ ጠዋት መልእክት ነበር፤ ሰርቨሩም በእሱ ምክንያት ተነሥቶ ነበር። ቀኑ ግን የዚያን ዕለት አልነበረም። ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀረው፣ በእኛ ሰኔ የሚውል ቀን ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይላል። ላኪው “ወደብ”። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይነበባል፦

“ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።”

ያን ቀን የእኛ ማከማቻ አልነበረም። ካርታው አልነበረም። እኔም ገና ጅማ ተማሪ ነበርሁ።

ስለ አባቴ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ይህ ነገር አይገባም። አባቴ ስልክ እያለው ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጅማ ስማር በየወሩ ከቤታችን ከመሸንቲ ይጽፍልኝ ነበር፤ ሁልጊዜም በዚህችው መስመር ነበር የሚጀምረው። ጓደኞቼ እየሰሙ ጮክ ብዬ አንብቤ የሣቅሁባቸው ደብዳቤዎች አሉ። የመጨረሻው ዓመት ፈተና ሲደርስ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ መተኛት ጀመርሁ። በዚያ ሰኔ አጋማሽ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አባቴ ሦስት ጊዜ ደወለ። ጠዋት አየሁት። መልሼ ስደውል ያነሣው ሌላ ሰው ነበር፤ ለአባቴ አልነጋለትም።

ምን ሊለኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ደብዳቤ የሚወድ ሰው በሌሊት ስልክ ያነሣው ለምን ነበር? ይህችን ጥያቄ እንደ ጠጠር በጫማዬ ይዣት እሄዳለሁ፤ ሲያመኝ ብቻ ነው መኖሯን የማስታውሰው።

እንግዲህ ያችን መስመር ሳይ ምን እንደሆንሁ መገመት ይቻላል። መልእክቱን ከፍቼ የቀረውን ማንበብ እችል ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ነው። አልተጫንሁም። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ጎዳናው ተመለከትሁ፤ ተማሪዎች በባጃጅ ይወርዳሉ፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ከኋላዬ ግን ክፍሉ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሌላ መጣ። ያው ሰላምታ፣ ያው “ወደብ”፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአምስት። ቀኑ በአንድ ቀን ወደፊት ሄዷል። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው፤ ሰኔው ከእኛ የካቲት ጎን ለጎን እየተራመደ ነው። ወረቀት አውጥቼ ቆጠርሁ። በዚሁ ከቀጠለ፣ ከመጀመሪያው መልእክት በአሥራ ሦስተኛው ቀን አባቴ የደወለባት ሌሊት ላይ ይደርሳል።

የተማርሁ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር መንፈስ እንደማያድርበት አውቃለሁ። ያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ቢሮ የገባሁት የእናቴን ጸበል በትንሽ የውኃ ኮዳ ይዤ ነው። የት እንደምረጨው ግራ ገብቶኝ ራሴ ጠጣሁት።

በአራተኛው ቀን አለቃችን ጠራኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነገር የማያረዝም ሰው ነው።

“ሰርቨሩ በየጠዋቱ ለምንድነው የሚነሳው?” አለኝ። “አየሁት፤ ካርታው ላይ የተለወጠ አንድም ነጥብ የለም። ጀልባ ነጂዎቹ ያንኑ ካርታ ደጋግመው እያወረዱ የኢንተርኔት ጥቅላችን አለቀ ብለው ይደውላሉ።”

“አሮጌ ቅጂ ነው” አልሁ። “የሆነ ላፕቶፕ ውስጥ የቆየ ነገር ይሆናል እየተላከ ያለው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“እንግዲያው ዝጊዋ።”

ወደ ወንበሬ ተመልሼ አራት መስመር ጻፍሁ። የመልእክቱ ቀን ከሠላሳ ቀን በላይ ያለፈ ከሆነ ሰርቨሩ አይነሣ። መልእክቱ ከካርታው ሳይቀላቀል ደጅ ይቆይ። መዝገቡም ላይ አይታይ። ማንም ባለሙያ ቢያየው የሚያስኬድ ደንብ ነው፤ አለቃችንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ግን እኔ አውቃለሁ። ያን ደንብ ያስጻፈኝ ፍርሃት ነው። ለአባቴ ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ ስልኬን አጠፋሁበት።

በማግሥቱ መዝገቡ ንጹሕ ነበር። ከዚያም ወዲያ ንጹሕ ሆኖ ሰነበተ። ሰላም አላገኘሁበትም። ከንጹሑ ገጽ ጀርባ ቁጥሩ እንደሚቀጥል ይሰማኝ ነበር። በር ዘግቼ በሩ ላይ ጀርባዬን ደግፌ የቆምሁ ያህል በየጠዋቱ ደክሞኝ እውል ጀመር። እናቴ “ከስተሻል” አለችኝ። ሥራ ነው አልኋት።

ሳምንት እንዳለፈ አለቃችን ሌላ ነገር አነሣ። “የቁንዝላ ወደብ ዝም ብሏል” አለ። “አዲሱ ታዛቢ ላፕቶፑን ከተረከቡ ጀምሮ ካርታው ላይ የተለወጠ ነገር የለም።”

“አዲስ ታዛቢ አለ እንዴ?”

“አልነገርኩሽም? ዓሣ አጥማጁ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ለአማቱ አስረከበ። መሪጌታ ናቸው አሉ፣ ሽማግሌ። ምናልባት አልቻሉበት ይሆናል። ሂጂና ወይ አስተምሪያቸው፣ ወይ ላፕቶፑን ይዘሽ ነይ።”

አላገናኘሁትም። ዛሬ ሳስበው አንድ ልጅ እንኳ የሚያገናኘው ነገር ነው፤ የፈራ ሰው ግን የሚያየው የሚፈራውን ብቻ ነው። ለእኔ በአንድ በኩል ያ መልእክት ነበረ፣ በሌላ በኩል ላፕቶፕ ያልቻሉ ሽማግሌ ነበሩ።

በመኪና መንገዱ መሄድ አጥንት የሚያላቅቅ ስለሆነ ጀልባ ጠየቅሁ። ስኳርና ሳሙና ጭኖ ቁንዝላ የሚሄድ አንድ ባለ ሞተር ጀልባ ተገኘ። የሚሄድበት ቀን ሲነገረኝ በጣቴ ቆጠርሁ። አሥራ ሦስተኛው ቀን ነበር። ሌላ ጀልባ እስኪገኝ ልቆይ ብል ለአለቃችን ምን ብዬ ላስረዳው? ሄድሁ።

ጠዋት ከባሕር ዳር ስንነሣ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ከፀሐይዋ ጋር ይነሣል ብንል እየወፈረ ሄደ። ዳርቻው ጠፋ፤ ደሴቶቹ ጠፉ። ጀልባ ነጂው ስልኩን ከመሪው ጋር በጎማ አስሮታል፤ የእኛ ካርታ ተከፍቶበታል። በእሱ እየተመራ ያለ ሥጋት ይነዳል።

“የናንተ ነገር ባይኖር ዛሬ አልነሣም ነበር” አለኝ። “ይኸው መንገዱ እስከ ወደቡ ድረስ ንጹሕ ነው።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ንጹሕ የሚለውን ቃል ያን ሳምንት ጠልቼዋለሁ።

ወደ ቁንዝላ ስንቃረብ ውኃው ላይ የእምቦጭ ቁርጥራጭ በዛ። ጀልባ ነጂው ፍጥነቱን ትንሽ ቀነሰ። ያን ጊዜ ነው ከፊታችን፣ ጉሙ ሳሳ ባለበት በኩል፣ አንድ ነጭ ነገር ያየሁት። ትልቅ ወፍ መሰለኝ። ቀረብ ስንል ሰው ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ረጅም፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው። ጀልባ ላይ አይደለም ያለው። ውኃው ላይ ቆሟል።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ከጆሮዬ በላይ ሆነ። “በስመ ሥላሴ” አለ በቀስታ፤ አማተበ። እኔ ማማተብም አልቻልሁም። የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ቁጭ አልሁ። ካርታውን አየሁ፤ ሰውየው በቆመበት ቦታ ክፍት ውኃ ነው የሚለው፣ ጥልቅ፣ ንጹሕ። ያን ካርታ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከዓይኔ ይልቅ ያመንሁት ካርታውን ነው። በዚህ ቦታ ሰው ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ይህ ሰው አይደለም። ቀኑም ዛሬ ነው። አባቴ ቁመቱ እንዲህ ነበር፣ ጋቢውንም የሚያጣፋው እንዲህ ነበር። “አባዬ” ልል አፌን ከፈትሁ።

ሰውየው በእጁ የያዘውን መቋሚያ ቀስ ብሎ አነሣና ወደ ግራ ዘረጋው።

“በግራ እለፉ” አለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ በብርድ የሻከረ። “እዚህ ድንጋይ አለ። በግራ እለፉ፣ ልጆቼ።”

ጀልባው በራሱ ጊዜ እየተንሳፈፈ ሲቀርብ አየሁት። እምቦጩ ሥር፣ ከውኃው ወለል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ የቤት ጣሪያ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። ሽማግሌው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ናቸው። ከጀርባቸው አንዲት የደንገል ታንኳ ታስራ ቆማለች፤ ከእምቦጩ ጋር ተመሳስላ እስክንደርስባት አልታየችንም። ሞተራችን በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ ጀልባው ለሁለት ይከፈል ነበር። እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም።

ወደቡ ላይ እሳቸውም በታንኳቸው ደረሱ። መሪጌታው እሳቸው ነበሩ። እግራቸው በብርድ ነጥቷል። ከቢሮው የመጣሁ መሆኔን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ትኩር ብለው አዩኝ።

“ሰው ናችሁ ዛዲያ” አሉ። “እኔማ እዚያ ማዶ ሰው የለም ብዬ ነበር። በየቀኑ ነው የጻፍሁ። አንድ መልስ ሳጣ ጊዜ፣ ባዶ ቤት ነው የማንኳኳው አልሁ።”

ቤታቸው ከወደቡ ዳር ነው። ላፕቶፑ ከብራና መጻሕፍቱ አጠገብ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ነጠላውን ገልጠው ከፈቱልኝ። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ሰኔ ነበር፤ የስምንት ዓመቱ ሰኔ።

“የኔታ፣ ይህን ቀን ማን ቀየረው?”

“እኔ ነኛ። ሲሰጡኝ ዘመኑን ስቶ አገኘሁት። ዓመተ ምሕረቱን ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ ወሩን ለውጦ፣ ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት አስልፎ። እኔ ባሕረ ሐሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ የተሳሳተ ዘመን አላስቀምጥም። አቃናሁለት። እየተመለሰ ቢያስቸግረኝ በራሱ የሚቀይርበትን ቁልፍ አጠፋሁበት።”

ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል፤ ማሽኑ የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ወሰደው። የካቲት ስድስተኛ ወራችን ስለሆነ ስድስት ብለዋል፤ ማሽኑ የፈረንጁን ስድስተኛ ወር፣ የእኛን ሰኔ አደረገው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲጽፉ አንድ ብለዋል፤ ማሽኑ ከሌሊቱ ሰባት አደረገው። በጣም ትክክለኛ ሰው ናቸው። ስሕተቱ ሁሉ የመጣው ከትክክለኛነታቸው ነው።

“ሰላምታውስ?” አልሁ። “አይተውን አያውቁም። እንዴት ናፈቅንዎ?”

“ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመር” አሉ፣ አለማወቄ አስገርሟቸው። “የመጀመሪያ ሰሞን የሚነገር ነገር አልነበረኝም። መድረሱን ልይ ብዬ ሰላምታ ብቻ ሰደድሁ። በኋላ ነው ውኃው ሲጎድል ይኸ ድንጋይ የመጣብን። ቅዳሜ አንድ ጀልባ ሆዱን ቀደደው፤ ሰዉ በመከራ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ይመጣል በተባለ ቁጥር ወጥቼ እቆማለሁ።”

ምሳ እንዲሰናዳ ሊናገሩ ወደ ጓሮ ወጡ። ብቻዬን ከማሽኑ ጋር ቀረሁ። የላኳቸውን ሁሉ በተርታ አገኘኋቸው። የዚያን ዕለቱን፣ የአሥራ ሦስተኛውን፣ በመጨረሻ ከፈትሁት። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት ይላል፤ አባቴ በደወለባት ሌሊት፣ አባቴ በደወለባት ሰዓት። እስከ መጨረሻው አነበብሁት፦

“ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቀጥሎም የምነግራችሁ፣ ያ የጻፍሁላችሁ ድንጋይ ዛሬም ካርታው ላይ አልገባም። ጉም አለ። ከባሕር ዳር ጀልባ ይመጣል ብለውኛል፤ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። መልስ ስላላገኘሁ ራሴ እቆማለሁ።”

አለቀስሁ። ለአባቴ ይሁን ለእኒህ ሽማግሌ መለየት አቃተኝ። በሩን ዘግቼባቸው፣ ከደጅ ቆመው የጠበቁት እኔን ነበር።

ዓይኔን ጠርጌ በዚያው ላፕቶፕ ወደ ማከማቻው ገባሁ። የእሳቸውን ቀን አልነካሁትም፤ ብነካውም መልሰው እንደሚያቃኑት አውቄያለሁ። የነካሁት የራሴን አራት መስመር ነው። አጠፋኋቸው። በምትካቸው አንድ መስመር ጻፍሁ፦ ሰርቨሩ መልእክቱ መቼ እንደተጻፈ አይጠይቅ፤ ከደረሰ ይነሣ። ደጅ ሲጠብቁ የሰነበቱት መልእክቶች አንድ በአንድ ገቡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በስልኬ ካርታውን ከፈትሁ፤ እሳቸው የቆሙበት ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ለመሪጌታው የሠራሁትን ሁሉ መናገር ነበረብኝ፤ ደንቡን፣ ፍርሃቱን፣ አባቴን። ከየት እንደምጀምር እያሰብሁ ሳለ ከጓሮ ድምፃቸው መጣ።

“ልጄ” አሉ።

“አቤት” አልሁ፣ ጠርተውኝ ሳይጨርሱ።